ሲዲ ሐኪሙ

ምድር ቤት ብቻቸውን የሚኖሩትን ሰውዬ የሰፈሩ ሰው «ሲዲ ሐኪሙ» ይላቸዋል። የሰፈሩ ልብስ ሰፊ የሟች እናቷ ድምፅ ያለበትን፣ ተጭሮ አልጫወት ያላትን ሲዲ ይዛ ስትሄድ፣ ቤት ውስጥ ሆነው እንኳ ካፖርታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው አገኘቻቸው። ሲዲውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዘንብለው አዩት። ከዚያ ለስላሳ ጨርቅ ላይ ጥቂት የጥርስ ሳሙና ጠብ አድርገው፣ ከመሃል ወደ ጠርዙ ቀስ እያሉ ይወለውሉት ጀመር።

«ለምን ዙሪያውን አያሹትም፣ አባባ?»

«ዙሪያውን ካሹትማ ይብስበታል፣ ልጄ።»

በዚህ መሃል ከጓዳ የልጅ እግር ሴት ድምፅ ተሰማ። «አባዬ፣ እኔ እኮ... አባዬ፣ እኔ እኮ...»

ልብስ ሰፊዋ እንግዳ ያለ መስሏት ሰላም ልትል ብድግ አለች። ድምፁ እዚያው ቃል ላይ እየተሰናከለ እንደሚመለስ ሲገባት ግን መልሳ ተቀመጠች።

«የልጄ ነው» አሏት ቀና ሳይሉ። «ሆስፒታል ተኝታ፣ ልታርፍ ሰሞን የቀዳችልኝ።»

«ታዲያ የሰውን ሁሉ ሲጠግኑ የራስዎን ምነው ተዉት?»

ጨርቁን ጭናቸው ላይ አሳረፉት።

«አንዴ ጠግኜው እስከ መጨረሻው ሰማሁት። ተሰናበተችኝና ዝም አለች። ዝምታው ቤቱን ሲሞላው አልቻልኩም፤ በማግስቱ በሚስማር መልሼ ጫርኩት።»

ሰውዬው ጨርቁን አንስተው ሥራቸውን ሲጨርሱ፣ ልብስ ሰፊዋ ሲዲዋን ተቀብላ፣ አመስግና ወጣች። ቤቷ ገብታ ማጫወቻው ውስጥ ከተተችው። ማስጀመሪያ ቁልፉን ለመጫን ግን እጇ እምቢ አላት።