መወርወሪያ የሌለው በር

አቃቂ በሰቃ ውስጥ የወልደሚካኤል እጅ ያልነካው የብረት በር ጥቂት ነው። ኢሕአዴግ ከገባ ወዲህ ሰው ሁሉ አሮጌ ቆርቆሮውን እየነቀለ የላሜራ በር ማቆም አምሮት ነበርና፣ የእሱ ብየዳ ከጠዋት እስከ ማታ ሲያብረቀርቅ ይውላል። በሩን ይሠራል፣ በትከሻው ተሸክሞ ያደርሳል፣ ይተክላል፣ አናቱ ላይ መስቀል ይበይድበታል። ባለቤቱ ታዲያ «እጅህ ይባረክ ጋሽ ወልዴ» ብሎ ይሸኘውና፣ በሩን ዘግቶ፣ መስቀሉን ተሳልሞ፣ ወደ ሚስቱ ዞር ብሎ፣ «ይሄ ቡዳ ዓይኑን ምን ላይ ጥሎብን ሄዶ ይሆን?» ይላል። እንግዲህ ፍረዱ።

ጥፋቱ ምንድን ነው? አባቱ ቀጥቃጭ ነበሩ። ማረሻና ማጭድ ነበር የሚሠሩት። ያገሩ ገበሬ በእሳቸው ማረሻ አርሶ፣ በእሳቸው ማጭድ አጭዶ፣ ጎተራውን ከሞላ በኋላ «ቀጥቃጭ ቡዳ ነው፣ ሰው ይበላል» ብሎ ፈረደባቸው። ፍርዱ እንደ ርስት ለልጅ ተላለፈ። ሚስቱን አደሴን ሲያገባ ደግሞ የሷ ዘመዶች «ለጡምቱ ልጅ አንሰጥም» አሉ፤ ጡምቱ ማለት በኦሮምኛ ያው ቀጥቃጭ ነው። በሌላ ነገር ሁሉ የሚጣሉት ሰዎች እዚህ ላይ ሲደርሱ ይስማማሉ። አደሴ ግን ዘመዶቿን ጥላ መጣች። ልጅ አልወለዱም፤ ለዚህም ሰፈሩ መልስ አላጣለትም፤ «የራሱን እየበላ ነው» ተባለ።

ወልደሚካኤል ቁጡ ሰው ነው። ይሄን ማንም አይክድም። ግን ቁጣውን ውጦ የሚኖር ቁጡ ነው። በር ሊተክል ሲገባ መሶቡ ሲከደን ያያል፣ ልጆች ወደ ጓዳ ሲገፈተሩ ያያል፣ ዝም ብሎ መዶሻውን ያነሳል። እድሩ ውስጥ አለ፤ የእድሩን ድንኳን ብረት የበየደውም እሱ ነው። እናቱ የሞቱ ጊዜ ያው ድንኳን ደጁ ላይ ተተከለና ሰው መጥቶ ተቀመጠ። አደሴ ንፍሮ አዞረች። ሁሉም እየዘገነ በነጠላው ጫፍ፣ በኮቱ ኪስ ያዘ። ወልደሚካኤል ልቡ ተነካ፤ «ለካ ሰው ነኝ» አለ። በማግስቱ ጠዋት ከቤቱ ሲወጣ፣ ከደጁ እስከ አስፋልቱ ድረስ መንገዱ ዳር ለዳር ንፍሮ ፈሶበታል። የሰፈሩ ዶሮ ሁሉ የእናቱን ንፍሮ ይለቅማል። ቆሞ አየና ገብቶ ሥራውን ጀመረ።

ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ነገር ብቻ ሆነ ምኞቱ። ከዚህ ሁሉ በር ካቆመለት ሰው አንዱ፣ አንድ ቀን፣ ቤቱ ገብቶ እህል ይቅመስለት። ከዚህ ሌላ ምንም አልጠየቀም።

ፊት ለፊቱ የሚኖሩት እትዬ አስካለማርያም ናቸው። ባላቸው ባቡር ጣቢያ ሲሠሩ ኖረው ያረፉ፣ ጸሎተኛ፣ የማኅበር ሴት። ልጃቸው ሥርጉት ክር ፋብሪካ በፈረቃ ትሠራለች፤ የሷን ልጅ ብሩህን የሚያሳድጉት እሳቸው ናቸው። ለባላቸው ተዝካር አዲሱ የብረት በር ይድረስልኝ ብለው ወልደሚካኤልን ወጥረው ያዙት። ደረሰ፤ ግን የመጨረሻው ቀን መብራት ጠፋና መወርወሪያው ሳይበየድ ቀረ። «ነገ እጨርሰዋለሁ» አለ።

ነገ ሳይመጣ ብሩህ መጣ። ገና አራት ዓመቱ ነው፤ መወርወሪያ የሌለውን በር በሆዱ ገፋ አድርጎ ወጣና መንገዱን ተሻግሮ የወልደሚካኤል ግቢ ገባ። አደሴ ጨጨብሳ እየሠራች ነበር። ልጁ ማንንም ሳያስፈቅድ ቁጭ ብሎ በላ። ጣቱን ላሰ። ወልደሚካኤል የብየዳ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ አየው፤ አደሴ ፊቷን አዞረች፣ እያለቀሰች ነበር። ልጁ በማግስቱም መጣ፣ በሦስተኛውም። የመወርወሪያው ሥራ የሻይ መጠጫ ጊዜ አይፈጅም ነበር፤ ግን ወልደሚካኤል «ነገ» ማለቱን ቀጠለ። ምን ያድርግ? በሩ ከተዘጋ እንግዳው መቅረቱ ነው።

በዐቢይ ጾም ማለቂያ ላይ ብሩህ ሳል ያዘው፣ ከዚያ ትኩሳት። ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ አለ። የሰፈሩ ሴቶች ተሰበሰቡ። የልጁ አፍ ምን ቀመሰ ሲባል አንዷ «እቀጥቃጩ ቤት ሲበላ አይቼዋለሁ» አለች። አለቀ። ሥርጉት ጤና ጣቢያ ልውሰደው ብትል እትዬ አስካለ አገር ይያዝልኝ አሉ፤ ቡዳ የበላውን ልጅ መርፌ ከነካው ይሞታላ! መድኃኒቱ አንድ ነው፤ የቡዳው ልብስ ጭስ።

ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ይባል የለ? ወልደሚካኤል ጠዋት ቱታውን ከገመድ ላይ ሊያወርድ ቢሄድ አንዱ እጅጌ ከትከሻው ተቆርጦ ተወስዷል። አደሴ ሌባ መስሏት ልትራገም ስትል፣ «ተይ፣ ሌባ አይደለም» አላት። ያውቀዋል። ልጅ ሆኖ የአባቱ ጋቢ ጥለት እንዲሁ ተቆርጦ ነበር። ያን ጊዜ አባቱ ምንም አላሉም፤ ዝም ብለው ጋቢውን ለብሰው ወደ ሥራቸው ሄዱ። ያ ዝምታ እስከ ዛሬ ያበግነዋል።

ቀና ሲል ከእትዬ አስካለ ቤት ክዳን ሥር ጥቁር ጭስ ሲወጣ አየ። ያ ቱታ የናፍጣ፣ የግራሶ፣ የቀለም ማቅጠኛ የጠጣ ጨርቅ ነው። የሚታጠነው የታመመው ብሩህ መሆኑ ገባው፤ እየሮጠ ተሻገረ። በሩም መወርወሪያ የለውምና አልከለከለውም።

መስኮቱ በጋቢ ተጋርዷል። ቤቱ በሴት ተሞልቷል። እጅጌው ከሰል ላይ ይንቦገቦጋል፣ ብሩህ ጭሱ ላይ ተደፍቶ አፉን እንደ ዓሣ ይከፍታል፣ ይዘጋል። ወልደሚካኤል ምድጃውን በእግሩ ጠልዞ ወደ ውጭ አወጣው፤ ጋቢውን ከመስኮቱ ነጨው። ሴቶቹ ተገፋፍተው ግድግዳው ላይ ተለጠፉ።

«ልጁን ስጡኝ። ጤና ጣቢያ ላድርሰው» አለ።

እትዬ አስካለ ልጁን ደረታቸው ላይ አጣበቁት። «ሊጨርሰው ነው የመጣው» አሉ።

«እትዬ አስካለ፣ በሚካኤል ይዤዎታለሁ። የሚገድለው ይሄ ጭስ ነው። ልብሴ ናፍጣ ነው፣ ቅባት ነው። ልጁ ሳንባውን ታሟል፣ አይታይዎትም?»

«አትየው! ዓይንህን አንሳልኝ!»

«እኔ ምንም አላደረግሁትም። የሰው ልጅ ነኝ። እንደናንተው ቆራቢ ነኝ።»

ማን ይስማው። አንዷ ታማትባለች፣ አንዷ ፊቷን በነጠላ ሸፍና በቀዳዳ ታየዋለች። ሥርጉት ብቻ የልጇን እግር ይዛለች። ወልደሚካኤል የብሩህን ከንፈር አየ፤ ጠቁሯል። ዕድሜውን ሙሉ «አይደለሁም» ሲል ኖሯል። ለቄስ ብሏል፣ ለእድር ዳኛ ብሏል፣ ለሚስቱ ዘመዶች ብሏል። ለዚያች ቃል አንድም ሰው ጆሮ ሰጥቷት አያውቅም። ዛሬም አትሰማም፤ እስክትሰማ ደግሞ ልጁ አይጠብቅም።

«እሺ» አለ። «እኔ ነኝ።»

የምታማትበዋ ሴት እጇን ከግንባሯ ሳታወርድ ወደ እሱ ዞረች።

«እኔ ነኝ የበላሁት። ስጡኝና ወስጄ ልልቀቀው። እምቢ ካላችሁ አልለቅም።»

ወይ የሰው ነገር! ያ ሁሉ እውነት ያልከፈተውን ክንድ አንዲት ውሸት ከፈተችው። እትዬ አስካለ ልጁን ራሳቸው አንስተው አስታቀፉት፤ «በል ቶሎ ልቀቅልኝ» እያሉ። ታቅፎት ወጣ። ሥርጉት ባዶ እግሯን ተከተለችው። አስፋልቱ ዳር ጋሪ አግኝተው ፈረሱን እያስጋለቡ ጤና ጣቢያ ደረሱ፤ ሐኪሙ ልጁን ከእጁ ቀምቶ ገባ።

«ሳንባ ምች ነው» አለ በኋላ ሲወጣ። «ጭስ ውስጥ ነበር እንዴ? ትንሽ ብትቆዩ ኖሮ አይተርፍም ነበር። ምን ዓይነት ሰዎች ናችሁ?» የተቆጣው ወልደሚካኤልን ነው። ወልደሚካኤልም ስድቡን ተቀበለ፤ ስድብ መቀበል ለምዷል።

አግዳሚው ላይ ከሥርጉት ጋር ተቀመጡ። ባዶ እግሯን ከአግዳሚው ሥር ሰብስባ፣ «ጋሼ፣ ቅድም ያሉት... ውሸትዎን ነው አይደል?» አለችው።

«አንቺስ ምን ትያለሽ?»

ሥርጉት ፋብሪካ ውላ የምታድር፣ ስምንተኛ ክፍል ድረስ የተማረች፣ የዘመኑ ልጅ ናት። መሬት መሬት አየች። ይሄ ከሴቶቹ ሁሉ ይልቅ አንጀቱን አሳረረው።

ልጁ ዳነ። አሁን ሰፈሩ እግሩ ሥር ወድቆ ይቅርታ የጠየቀ እንዳይመስላችሁ። «ተናዞ ለቀቀው» ተባለ። «በአፉ አመነ፣ እኛ ምን አልን?» ተባለ። ድሮ በሹክሹክታ የነበረው አሁን በአደባባይ ሆነ። ምስክሩም ራሱ ሆኖ አረፈው። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይላሉ፤ እሱን ገና በቁሙ ነው በስሙ የቀበሩት። አደሴ፣ «ምነው ባልተናገርክ ኖሮ» አለችው አንድ ቀን። «ልጁስ?» አላት።

ከፋሲካ በኋላ እትዬ አስካለማርያም ድፎ ዳቦ በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው መጡ። ከደጃፉ አላለፉም። እጃቸውን ዘርግተው ሰጡት።

«ልጄን ስለለቀቅህልኝ እግዜር ይስጥህ» አሉ። ከልባቸው ነበር፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። ክፉ ሴት ቢሆኑ ይሻለው ነበር።

ወልደሚካኤል ዳቦውን ይዞ ቆመ።

«ደግሞ ያቺን መወርወሪያ» አሉ እትዬ አስካለ፣ «ከፍ አድርገህ ሥራልኝ፤ ልጁ እንዳይደርስበት። እየወጣ እንዳያስቸግርህ ብዬ ነው።»

«እትዬ አስካለ፣ ይግቡ» አለ። «ይግቡና አብረን እንቁረሰው። የእርስዎ ዱቄት ነው፣ የጋገሩትም እርስዎ ነዎት። የኔ እጅ የለበትም። አንዲት ቁራሽ ብቻ።»

ሴትየዋ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሄዱ። «ጾም ነኝ» አሉ።

በበዓለ ሃምሳ! ረቡዕና ዓርብ እንኳ በማይጾምበት፣ ቄሱም ዲያቆኑም በሚበላበት በበዓለ ሃምሳ! ጸሎተኛዋ እትዬ አስካለ ያሉት ቃል ለራሳቸው ጆሮ ሲደርስ ፊታቸው ቀላ። ቢሆንም አልገቡም።

«ብረቴ ደጅዎ ላይ ቆሟል» አለ ወልደሚካኤል። አሁን ጮኾ ነው፤ መንገዱ ላይ ሰው ቆሟል። «እድራችሁ ብረቴን ጥላ አድርጎ ይቀመጣል። መስቀል ብላችሁ የምትሳለሙት እኔ የበየድኩት ነው። እህሌ ብቻ ነው የሚገድላችሁ? እንግዲያስ መወርወሪያውን የሚሠራ ሌላ ሰው ይፈልጉ። ልጅዎ ወደኔ እንዳይመጣ መዝጊያውን እኔው ልሥራልዎ?»

ዳቦውን መልሶ በእጃቸው ላይ አስቀመጠና ገባ።

እትዬ አስካለ በሰቃ ያለውን ብየዳ ቤት ሁሉ ዞሩ። የሙያው ሰዎች ደንብ አላቸው፤ አንዱ የጀመረውን በር ሌላው አይነካም። ገዳ የሚባለው በያጅ፣ «በሩ የማን እጅ ነው?» ብሎ ጠየቃቸው። «የወልዴ» ሲሉት፣ «ወልዴ ይጨርሰዋ» አለና ወደ ሥራው ዞረ። የቀሩትም እንደዚያው አሉ። እትዬ አስካለ በሩን ከውስጥ በድንጋይ ማስደገፍ ጀመሩ።

ክረምቱ ገብቶ ወጣ። ብሩህ ፋፋ፣ ጉልበት አወጣ። አንድ ቀን አደሴ እሳት ዳር ሳለች የግቢው በር ተገፋና ልጁ ገባ፤ እጁ ድንጋይ ሲገፋ ጭቃ ሆኗል። የድሮ ቦታው ላይ ተቀመጠ። አደሴ ባሏን አየችው። ባሏ ብየዳውን አጥፍቶ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቀለ፤ እሷም ጨጨብሳውን አቀረበችለት።

ልጁ አንዴ ጎርሶ ወልደሚካኤልን ሽቅብ ተመለከተው።

«ጋሼ፣ እማማ አስካለ አንተ በላኸኝ አለች። እውነት ነው?»

ወልደሚካኤል መነጽሩን ከግንባሩ አወረደና በእጁ ያዘው። ጎንበስ ብሎ ሳህኑን ወደ ልጁ ጠጋ አደረገለት።

«ብላ» አለው።