ትንፋሽ፦ አሥራ ዘጠኝ

ነሲባ ከፎቶ ኮፒ ቤቷ በር ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ልትገነጥል ጥጉን በጥፍሯ መፋቅ ጀምራለች። ከኋላዋ አንድ እጅ መጣና ወረቀቱ መሃል ላይ አረፈ።

«ቆይ እህቴ፣ አልጨረስኩትም።»

ዞር አለች። ዕድሜው አርባን የዘለለ፣ ግራጫ ጃኬት የለበሰ፣ ጫማው አቧራ የጠገበ ሰው ነው። መናኸሪያው ፊት ለፊት ስድስት ዓመት ስለሠራች የደባርቅን ሰው በመልክ ትለያለች። ይህን ግን አታውቀውም።

«የኳስ ነው» አለችው።

«አይቻለሁ። ‹ትንፋሽ› የሚለው ምንድን ነው?»

«ሳይደክም ምን ያህል እንደሚሮጥ።»

«‹ድፍረት›ስ?»

«ግጭት እያየ እግሩን የማይሰበስብ።»

«‹እርጋታ›?»

«ሲያጣድፉት የማይደናገጥ።»

ሰውየው መልሱን ሁሉ ራሱን እየነቀነቀ ተቀበለ። ጣቱ ወደ ታች ወርዶ ገዱ የሚል ስም ላይ ቆመ። ትንፋሽ አሥራ ዘጠኝ። ድፍረት አሥራ ሰባት።

«ቁጥሩን የሚሰጠው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ።»

«ልክ ነው?»

ይህን የጠየቃት ሰው ሁሉ የሚያገኘው አንድ መልስ ነው። ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው የቆጫት። «እስካሁን ተከራክሮ ያሸነፈኝ የለም» አለች።

ነሲባ ሙባረክ ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። በስፖርት ሳይንስ ተመርቃ ሥራ ስታጣ አባቷ የጨርቅ ሱቃቸውን በጣውላ ከፍለው ግማሹን ሰጧት። ፎቶ ኮፒ ማሽንና ላፕቶፕ አስገባች። ኢንተርኔት በጠፋባቸው ወራት ላፕቶፑ ላይ የቀረው መዝናኛ አንድ የእግር ኳስ አሰልጣኝነት ጌም ነበር። ጌሙ ውስጥ እያንዳንዱ ተጫዋች ለየችሎታው ከአንድ እስከ ሃያ ቁጥር አለው፤ ሜዳ ላይ የሚኖረው ሚናም ተለይቶ ይጻፋል። ነሲባ የውጭዎቹን ተጫዋቾች አጠፋችና በምትካቸው ሃያ ሁለት የከተማውን ልጆች አስገባች። ጠዋት ጠዋት ስቶፕ ዎች ይዛ ሜዳ ዳር ትቆማለች። ታስሮጣቸዋለች፣ ታያቸዋለች፣ ከሰዓት ቁጥሩን ትሞላለች። ዝርዝሩ በየሳምንቱ በሯ ላይ ይለጠፋል።

ልጆቹ «ኮች» ይሏታል። መጀመሪያ ለፌዝ ነበር፤ እያደር ቁጥሯን ፈሩት። ባጃጅ የሚነዳው ሐብታሙ ከተከላካይነት ወደ አማካይነት እንድታዛውረው አንድ ወር ሙሉ ደጅ ጠንቷታል። ታናሽ ወንድሟ ጠይብ፣ ትንፋሹን አሥራ አንድ ብላ ስትጽፍበት ሁለት ቀን አላናገራትም። ሃያ ያገኘ ሰው የለም። አሥራ ዘጠኝ የደረሰው ገዱ ብቻ ነው። ገዱ የጃናሞራ ልጅ ነው፤ ድሮ የጎብኚ ዕቃ በበቅሎ ተራራ ያወጣ ነበር፣ ጎብኚ ሲጠፋ እህል ተሸካሚ ሆነ። ሚናው «ቦክስ ቱ ቦክስ» ነው፦ ከራሱ ጎል እስከ ተጋጣሚው ጎል ዘጠናውን ደቂቃ ይመላለሳል።

«አንድ ኮፒ ስጪኝ» አለ ሰውየው።

«ቀለም አልቋል።»

ሰውየው ማሽኑ ላይ ተደርድሮ ገና ያልቀዘቀዘውን ወረቀት አየ። «እንግዲያው ለቅዳሜ» አለ። «የእኛ ሰዎች ያገኙትን ወጣት ሰብስበው ይወስዳሉ። ግማሹ ዳገቱ ላይ ይቀርባቸዋል። እንዳንቺ ለክቶ ያስቀመጠ አላየሁም።»

«የእኛ» ያላቸው እነማን እንደሆኑ አልተናገረም። እሷም አልጠየቀችም። በዚያ የጦርነት ዓመት ይህን የሚጠይቅ ሰው አልነበረም።

ይህ የሆነው ረቡዕ ነው። ሐሙስ ሱቋን ዘግታ ላፕቶፑ ላይ ተቀመጠች። ሁሉንም እኩል ብትጥላቸው ያስታውቃል። ስለዚህ አንዱን አምስት፣ አንዱን ሰባት እያለች አዝረክርካ አወረደቻቸው። ገዱን ስምንት አለችው፤ ሚናውንም «ተጠባባቂ» አደረገችው። ስትጨርስ የድሮውን ፋይል አጠፋች።

አርብ አዲሱ ዝርዝር ሲለጠፍ በሩ ላይ ጩኸት ሆነ። «ለአንድ ሳምንት ታገሱኝ» ከማለት ሌላ መልስ አልሰጠችም። ለሃያ ሁለት ሰው የተነገረ ነገር በአንድ ሰዓት ውስጥ መናኸሪያ ይደርሳል፤ መናኸሪያ ውስጥ ደግሞ ማን ጆሮውን እንደሚያቆም አይታወቅም። ጠይብ ከፊቷ ቆሞ፣ «ለእኔ አራት? የእናትሽ ልጅ ነኝ እኮ!» አላት። ለእሱም አልነገረችውም። ገዱ በዚያን ቀን አልነበረም፤ እህል ይዞ ድብ ባሕር ወርዷል።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ሰውየው መጣ። የበሩን ወረቀት ከላይ እስከ ታች አነበበ።

«ወርደዋል።»

«ያለፈው የድሮ ልኬት ነበር» አለች። «ይህ የአሁኑ ነው።»

«ገዱ የሚሉትም?»

«እሱም።»

ኮፒውን ተቀበላት፣ አራት ላይ አጥፎ ኪሱ ከተተው፣ አመስግኗት ወደ መውጫው ዞረ። ሰውየው ገና ደፉን አላለፈም።

«ስምንት!» የሚል ድምፅ ከመንገዱ ማዶ መጣ። ገዱ ነው፤ ከኋላው አሥር የሚሆኑ ልጆች ይከተሉታል። «ኮች፣ ስምንት? በሬ እንኳ ከስምንት በላይ ያገኛል!»

«እርጅና ነው ገዱ!» አለ ትዕዛዙ፣ የቡድኑ በረኛ። ሳቁበት።

«ገዱ፣ በኋላ እናወራለን» አለች ነሲባ።

«አሁን ነው የምናወራው! ሰው ፊት አዋርደሽኝ በጓሮ ልትታረቂኝ ነው?»

«ሂድ ብዬሃለሁ!»

ሰውየው ወደ ገዱ ዞረ። «ስንት ነበርክ?»

«አሥራ ዘጠኝ! የሰጠችኝ ራሷ ናት።»

«ታዲያ ማሳየት ነው እንጂ፣ መጮህ ምን ያደርጋል?»

በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሁሉም ከከተማው ጫፍ፣ መንገዱ ወደ ሊማሊሞ ቁልቁል ከሚሰበርበት ቦታ ተሰበሰበ። ገዱ ሦስተኛው መታጠፊያ ድረስ ወርዶ ሊመለስ፣ ሐብታሙም ባጃጁን ይዞ እዚያው ሊጠብቀውና ሊመሰክር ተስማሙ። ነሲባ ልትቀር ነበር።

«ሰዓቱን አንቺ ያዢው» አላት ሰውየው። «የማምነው ያንቺን እጅ ነው።»

ገዱ የኮንጎ ጫማውን ማሰሪያ ለማጥበቅ ጎንበስ ሲል ነሲባ የስቶፕ ዎቹን ቁልፍ ተጫነች። የሁሉም ዓይን ገዱ ላይ ስለነበር አውራ ጣቷን ያየ የለም። ገዱ ቀና ብሎ፣ ሁለት ጊዜ ተንጠራርቶ፣ ከትዕዛዙ ጋር ተሰዳድቦ መሮጥ ሲጀምር ሰዓቱ አራት ደቂቃ ቆጥሯል።

ቁልቁለቱን ሲወርድ ታዩት። ከዚያ ገደሉ ጋረደው። ሰውየው የመንገዱ ጠርዝ ላይ ባለ ድንጋይ ተቀምጦ ጠበቀ።

ገዱ እየጮኸ ነው የተመለሰው፤ ሐብታሙም በባጃጁ ከኋላው ደረሰ። «ስንት?»

«ሠላሳ ስድስት» አለች ነሲባ። ስቶፕ ዎቹ አራቱ ደቂቃ ተጨምሮበትም የሚያሳየው ከዚያ ያነሰ ነበር።

«ውሸት ነው! ኮች፣ በአላህ በይ፣ ሠላሳ ስድስት? ሽማግሌ እንኳ በዱላ ከዚያ ቀድሞ ይወጣል!»

«ሰዓቱን ተዪው» አለ ሰውየው። «ደረቱን እዪው።»

ገዱ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ቆሟል። ሊማሊሞን ወጥቶ አፉን ለመተንፈስ አልከፈተም፤ የከፈተው ለክርክር ነው።

ሰውየው ከኪሱ የተማሪ ደብተርና እስክሪብቶ አወጣ። «የሌሎቻችሁስ ቁጥር እንዲሁ ነው የወረደው?»

«ትዕዛዙ! አሥራ ስድስት ነበርኩ፣ ስድስት አለችኝ!»

«ሐብታሙ፣ አሥራ አራት!»

«እኔ አሥራ ሰባት! ድፍረት ደግሞ አሥራ ስምንት!»

«ቀስ በሉ» አለ። «አንድ በአንድ። ስም ከነሰፈር።»

«ዝም በሉ!» አለች ነሲባ። «ዝም በሉ እላችኋለሁ!»

በስህተቷ ስለተያዘች ያፈረች መስሏቸው አፏጩባት። «ኮች ዛሬ ተረታች!» ሰውየው እየጻፈ ገጹን ገለበጠ። ከወደ ኋላ ጠይብ ሰው እየገፋ መጣ።

«ጠይብ ሙባረክ። መናኸሪያ ሰፈር። አሥራ አምስት!»

ከሁሉም የዋሸ እሱ ብቻ ነበር።

«አሥራ አንድ ነው!» አለች ነሲባ።

የሰውየው እስክሪብቶ ቆመ። ቀና ብሎ ፊቷን ለጥቂት ጊዜ ተመለከተ።

«እውነት ስትናገሪ ያስታውቅብሻል» አላት። «የሌሎቹን ግን አላረምሽም።»

አሥራ አምስት የሚለውን ሰረዘና አሥራ አንድ ብሎ ጻፈ። ደብተሩን ዘግቶ በእግሩ ወደ ከተማው ተመለሰ።

በኅዳር የዳባት ቡድን ለወዳጅነት ጨዋታ ደባርቅ መጣ። የደባርቅ ቡድን ከሃያ ሁለቱ የቀሩትን ስድስት ሰዎች ብቻ ይዞ ሜዳ ገባ። ሕጉ ከሰባት በታች ስለማይፈቅድ ጨዋታው አልተካሄደም። ጠይብ ከስድስቱ አንዱ ነበር።