በእኔ ቁመት የተሰፋው ቀሚስ

ላቪንግተን ውስጥ ከምሠራበት ቢሮ ጀርባ፣ ዛፍ ሥር የስፌት መኪናውን ዘርግቶ የሚውል ፈንዲ አለ፤ እዚህ ናይሮቢ ልብስ ሰፊውንም አናጺውንም ፈንዲ ነው የምንለው። መስኮቴን በከፈትኩ ቁጥር የፔዳሉ ድምፅ ይገባል፣ ኩርርር ብሎ ይሄድ ይሄድና ድንገት ቀጥ ይላል። ሲሄድ ምንም አልሆንም፤ የሚያስፈራኝ ሲቆም ነው። የልጅ አባት የሆንኩ ሰውዬ፣ የሰው መኪና ቆመ ብዬ እጄን ላብ ሲያጠምቀው ለባልደረቦቼ ምን ብዬ እንደማስረዳ ስለማላውቅ፣ መስኮቱን ዘግቼ ሥራዬን እቀጥላለሁ።

የሚታወሰኝ የእትዬ ዘነቡ መኪና ነው። እትዬ ዘነቡ የራሄል እናት ናቸው፤ ራሄል ደግሞ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ አብራኝ የተቀመጠች ጓደኛዬ ነበረች። ኢስሊ ሰፈር በአንድ ፎቅ ቤት ውስጥ እኛ ሦስተኛው ላይ፣ እነሱ ምድር ቤት እንኖር ነበር። ባላቸው ገና በጠዋቱ ስለሞቱባቸው እትዬ ዘነቡ የፊተኛዋን ክፍል የልብስ ስፌት ሱቅ አድርገው፣ በዚያችው አንድ ልጃቸውን ያሳድጉ ነበር። አባቴና እናቴ ምግብ ቤት ስለነበራቸውና ቀኑን ሙሉ እዚያ ስለሚውሉ፣ እኔ ከትምህርት ቤት መልስ የምውለውም ምሳዬን የምበላውም እሳቸው ሱቅ ነበር። ፈሪ ለእናቱ ይባላል፤ እኔ ለራሄል እናት ነበርኩ።

ትልቁ ዝናብ ገብቶ የትምህርት ቤቱ ሜዳ ጭቃ ሲሆን፣ በእረፍት ሰዓት ከክፍል መውጣት ይከለከል ነበር። ያን ጊዜ ራሄል ከእናቷ ሱቅ ወለል የለቀመችውን ቁርጥራጭ ጨርቅ ሰፍታ የሠራቻቸውን፣ ጣት ላይ የሚጠለቁ አሻንጉሊቶች ከቦርሳዋ አውጥታ ዴስኩ ሥር ትገባና እጆቿን ብቻ ብቅ ታደርግ ነበር። የስዋሂሊ አስተማሪያችን ከነሳሉ፣ የማታቱው፣ የሚኒባሱ፣ ረዳት ከነፉጨቱ፣ የካንቲኗ ሴትዮ ከነንጭንጯ ጣቶቿ ላይ ነበሩ፤ ሁሉም በየራሳቸው ድምፅ ይጣላሉ፣ ይታረቃሉ፣ ይጋባሉ። ኬንያዊው፣ ሶማሌው፣ ሐበሻው ሁሉ ተጠቅጥቆ እያየ በሳቅ ይፈርስ ነበር። አንድ ቀን ሆዱ ትልቅ የልብስ ቁልፍ የሆነ አሻንጉሊት እያናገረች ሳለ፣ የዚያ ሆድ ባለቤት የሆኑት ርእሰ መምህራችን በሩ ላይ ቆመው ተገኙ። ክፍሉ ጸጥ ሲል እኔ ቦርሳዬን ፊቴ ላይ አደረግሁ። ራሄል ግን አሻንጉሊቱን ወደ በሩ አዙራ በጎርናና ድምፅ በእንግሊዝኛ «እንኳን ደህና መጡ ወንድሜ፣ እርስዎም ምሳ አልበሉም መሰለኝ» ብትላቸው፣ ሰውየው መነጽራቸውን አውልቀው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። አሻንጉሊቱን ለምነው ወስደው ጠረጴዛቸው ላይ አቆሙት።

«አንተ ፈሪ፣ ጥላህን አይተህ የምትሮጥ!» ትለኝ ነበር ወደ ቤት ስንሄድ። እውነቷን ነበር፤ ውሻ እፈራ ነበር፣ ነጎድጓድ እፈራ ነበር፣ ፖሊስ እፈራ ነበር። እሷ ትቀድማለች፣ እኔ እከተላለሁ።

ሐምሌ ሲመጣ ናይሮቢ ትቀዘቅዛለች፣ ሰማዩም ለሳምንታት አመድ ለብሶ ይከርማል። ስድስተኛ ክፍል ሳለን የነሐሴ እረፍት ሲደርስ፣ ራሄል አያቷን ለማየት ከአክስቷ ጋር ወደ ሞያሌ ሄደች። የሚመለሱበት ቀን በውል አልተቆረጠም ነበር፤ ብቻ ሰኞ ትምህርት ሳይከፈት ይደርሳሉ ተብሏል። ሱቁ ስልክ ስላልነበረው የምትደውለው ወደ እኛ ምግብ ቤት ነበር።

ረቡዕ ዕለት ምግብ ቤቱ ውስጥ ሶዳ እየጠጣሁ ሳለ ስልኩ ጮኸ፤ ራሄል ናት ብዬ ሮጬ አነሣሁት። የማላውቀው ሰው ድምፅ «አባትህን አገናኘኝ» አለኝ። አባቴ ተቀብሎ ጥቂት እንደሰማ በእጁ ወንበር ፈልጎ ተቀመጠና «የቷ ልጅ?» አለ፤ ቆይቶም «እርግጠኛ ናችሁ?» አለ። ሲመለሱ የተሳፈሩበት መኪና ማርሳቢት ሳይደርስ ተገልብጦ፣ አክስቷ ቆስላ ስትተርፍ ራሄል ሞታለች፤ ዘመዶቿም ወደ ሞያሌ መልሰው ሊቀብሯት ነው። እውነቱን ልናገርና፣ መጀመሪያ የያዘኝ ኀዘን አልነበረም፣ ፍርሃት ነበር፤ ደፋሯ ከሞተች ፈሪው ምን ይሆናል የሚል ፍርሃት።

አባቴ ጓዳ አስገብቶ ትከሻዬን ያዘኝ። «ስማኝ ልጄ፣ ይህን ነገር ሆድ ይፍጀው። የእትዬ ዘነቡ ወንድም ዓርብ ከካምፓላ ይገባል፤ ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ ሰው ተሰብስቦ መርዶውን ይነግራቸዋል። እስከዚያ አንዲት ቃል ከአፍህ እንዳትወጣ።»

«እንግዲያው እዚያ አልሄድም አባዬ።»

«ካልሄድክማ ይጠረጥራሉ። የደም ግፊት አለባቸው፣ ብቻቸውን ሆነው ከሰሙ እንጃላቸው። እንደ ወትሮህ ሄደህ ተቀመጥ።»

በዚህ ዓይነት በአሥራ ሁለት ዓመቴ የአንዲት ሴት ነፍስ ምላሴ ላይ ተቀመጠ። አፌን ከከፈትኩ እትዬ ዘነቡ ይሞታሉ፤ እኔ የተረዳሁት እንዲህ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ሱቁ ውስጥ ቁልፍ በቀለም በቀለሙ እየለየሁ አቀርቅሬ ተቀመጥኩ። እትዬ ዘነቡ ሲሰፉ አያወሩም፤ ሊያወሩ ሲፈልጉ መኪናውን ያቆማሉ። መኪናው በቆመ ቁጥር ልቤ አብሮ ይቆማል፤ መቀስ አንሥተው ሲቀጥሉ እንደገና ይመታል። ሦስት ጊዜ እንዲህ ካተረፈኝ በኋላ በአራተኛው ጠየቁኝ።

«እኔ የምለው፣ ራሄል አልደወለችም እንዴ አባትህ ጋ?»

«ደውላለች» አልኩ።

«ውይ ተመስገን! መቼ ነው የምትመጣው አለች?»

«ቅዳሜ።»

ከየት እንዳመጣሁት እንጃ፤ ከትልልቆቹ ሹክሹክታ አፌ ላይ የቀረ ቃል ይመስለኛል። እትዬ ዘነቡ ፊታቸው በራ፣ ብድግ ብለውም ከመደርደሪያው ለደንበኛ እንኳን ቆርጠው የማያውቁትን ሰማያዊ ጨርቅ አወረዱ። «እሑድ ቤተ ክርስቲያን የምትለብሰው ልስፋላት» አሉ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል የሚሉት ሰዎች የእኔን አልተሸከሙም፤ የእኔ ከሰዓት ወደ ሰዓት ይከብድ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ቀሚሱ ቅርጽ ሲይዝ፣ «ቁመታችሁ አንድ ነው፣ እስቲ ና ቁምልኝ» አሉ። እምቢ የምልበት ምክንያት ሳጣ ተነሥቼ ቆምኩ፣ ከላይ አጠለቁልኝ። አዲስ ጨርቁ ይቀዘቅዝ ነበር። ስፒሎቹን በከንፈራቸው ይዘው፣ ተንበርክከው የታችኛውን ጫፍ እያጠፉ ሲወጉ፣ እኔ የሞተች ልጅ ልብስ ውስጥ ቆሜ ትንፋሼን ዋጥኩ። ቀና ብለው ደረቱን ሊያስተካክሉ እጃቸውን ሲያሳርፉብኝ፣ እጃቸው እዚያው ትንሽ ቆየች። ፊቴን አዩኝ። እኔ ግድግዳውን አየሁ።

«በቃ፣ አውልቀው» አሉ በቀስታ፣ «እንዳይወጋህ።»

ከዚያ በኋላ ምንም አልጠየቁኝም። ያን ቀን እስኪመሽ፣ ዓርብንም ሙሉ ቀን፣ መኪናው እምብዛም ሳያርፍ ሄደ፤ እኔም ውሸቴ ሠርቷል ብዬ እግዚአብሔርን አመሰገንኩ።

ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ ከሦስተኛው ፎቅ ደረጃ ላይ ሆኜ በብረቱ መካከል ቁልቁል አየሁ። ወንድማቸው፣ አባቴ፣ ካህኑና የሰፈሩ ሴቶች ድምፃቸውን አጥፍተው በሩ ጋ ደረሱ። ማንም ሳያንኳኳ በሩ ተከፈተ። እትዬ ዘነቡ ጥቁር ለብሰው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመው ነበር። ወንድማቸው ገና አፉን ሳይከፍት ጮኹ፤ ያን ጩኸት ልጽፈው አልችልም። ሴቶቹ እርስ በርስ «ማን ነገራቸው?» ሲባባሉ፣ አባቴ አንገቱን ቀና አድርጎ ወደ እኔ ተመለከተ።

«አልነገርኳቸውም» እያልኩ ስንት ጊዜ እንደማልኩለት አላውቅም፤ እስኪሞት ድረስ ከልቡ ያመነኝ አይመስለኝም። እኔም ራሴን አላመንኩም። ለቅሶው ላይ እትዬ ዘነቡ «ይህ ልጅ ትመጣለች ብሎኝ ነበር» የሚሉበትን ደቂቃ ስጠብቅ አርባው ወጣ። አላሉም። ትምህርት ሲከፈት አስተማሪው አጠገቤ ሌላ ልጅ አስቀመጠ፤ ትንሹ ዝናብ መጥቶ እረፍት ላይ ክፍል ውስጥ ስንዘጋ ግን የሚጫወት ጠፋና ሁላችንም መስኮት መስኮቱን እያየን ደወል እንጠብቅ ነበር። ራሄል ናፈቀችኝ፤ ናፍቆቱ ሲመጣ እናቷን መፍራቴም አብሮ ይመጣ ነበር። ሱቁ በር ላይ ላለማለፍ በጓሮ እዞር ነበር፤ ቤት ከቀየርን በኋላም ቤተ ክርስቲያን ሳያቸው በሌላው በር እወጣ ነበር። እንዲህ ጎረመስኩ፣ እንዲህ አገባሁ።

ባለፈው የገና ሰሞን መታመማቸውን ሰምቼ፣ ሚስቴ ገፋፍታኝ፣ ልጠይቃቸው ሄድኩ። ከወንድማቸው ልጅ ጋር ይኖራሉ፤ ዓይናቸው ደክሟል። ወዲያው አወቁኝ። ስለ ልጄ ጠየቁኝ፣ ስለ ሥራዬ ጠየቁኝ፣ ከዚያ ዝም ሲሉ መቻል አቃተኝ።

«እትዬ ዘነቡ፣ ያን ጊዜ ዋሽቼዎት ነበር። ራሄል አልደወለችም።»

«አውቃለሁ» አሉ። «ስለካህ ልብህ በእጄ ላይ እንደተያዘ ወፍ ነበር። እሱ ነው የነገረኝ።»

«ታዲያ ለምን አልጠየቁኝም?»

«ምን ብዬ ልጠይቅህ? ልጅ ነህ። ትልልቆቹ ያልቻሉትን አንተ መርዶ ነጋሪ ሆነህ ልትቀር ነው? መስፋቴን ካቆምኩ ታውቅብኛለህ ብዬ ሰፋሁ።»

ዛሬ ሞት በየኪሳችን ባለው ስልክ ነው የሚመጣ፤ ሬሳው ሳይቀዘቅዝ ፎቶው በየግሩፑ ይዞራል፣ የሚደብቅም የሚጠነቀቅም የለም፤ የሚሻለው የቱ እንደሆነ እኔ አላውቅም። ልጄ እኔ በራሄል ፈንታ በተለካሁበት ዕድሜ ላይ ደርሳለች፤ አንዳንዴ እያየኋት እጆቼ ሥራ ይፈታሉ። ያኔ በዚያች ሱቅ ውስጥ የምፈራው እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር፤ እትዬ ዘነቡ ግን አንድ ፈሪ ልጅ እንዳይደነግጥ ብለው፣ ልጃቸው መሞቷን እያወቁ፣ እስከ ዓርብ ማታ ቀሚስ ሰፍተውላታል።