መሃል የገባችው ዘፋኝ

ዓንዶም በሚሠራበት የዳውንታውን ዴንቨር ፓርኪንግ፣ ስሟን የማያውቃት አንዲት ሴት በየጠዋቱ አሮጌ መኪናዋን ፓርክ አድርጋ ወደ ጽዳት ሥራዋ ታልፋለች። ጸጉሯ ሸብቷል፤ ከንፈሯን ግን ቀይ ሳትቀባ አትወጣም። ስትራመድ በማያውቀው ቋንቋ ታንጎራጉራለች።

ማክሰኞ ዕለት አንድ ጎረምሳ ፍቅረኛውን ከመኪናው በር ጋር እያላተመ ይደበድባት ጀመር። ዓንዶም ለፖሊስ እየደወለ ሳለ ሴትዮዋ ሮጣ መሃል ገባች። ጎረምሳው አፏን በቡጢ ሲላት ወደቀች፤ ተነሥታ ደሟን ተፋችና ልጅቷን በጀርባዋ ከለለቻት። ደገማት። ንቅንቅ አላለችም። ያኔ ዓንዶም በራሱ አፍሮ ስልኩን ወረወረና ጎረምሳውን ከኋላ አንቆ ጣለው።

ፖሊሶች ጎረምሳውን ይዘው ከሄዱ በኋላ ዓንዶም ለሴትዮዋ ውሃ አቀበላት።

«ቢገድልሽስ? ምን ሆነሽ ነው የገባሽው?»

«አገሬ መቄዶንያ ዘፋኝ ነበርኩ» አለችው። «በአሥራ ሰባት ዓመቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሠርግ ላይ ስዘፍን፣ አባቴ አዋረድሽኝ ብሎ በጸጉሬ ጎትቶ ከመድረክ አወረደኝ፤ ረግጦ ሁለት የጎን አጥንቴን ሰበረ። በሳምንቱ ጎኔን በጨርቅ ጠፍሬ ሌላ ሠርግ ላይ ዘፈንኩ። ከዚያ ወዲያ አገሩ ሁሉ ወደደኝ።»

«ያን ቀን ማን አስጣለሽ?»

«ማንም። ሁለት መቶ ሠርገኛ እየበላ ያየኝ ነበር።»