«ብቻዬን ነው የምሠራው»

ማርች አሥራ አራት ነበር፣ 2022። ወይስ አሥራ አምስት? የፑሪም በዓል ደርሶ እንደነበር ብቻ አስታውሳለሁ፤ የጎረቤት ልጆች ጭንብል አጥልቀው ደረጃው ላይ ይሯሯጡ ነበር። ከዚያ በላይ እርግጠኛ አይደለሁም። ሊያት የምትባል ነርስ ከጤና ቢሮው፣ ከሊሽካት ሃብሪዩት፣ የደወለችው ያን ቀን ነው። እትዬ ትዋበች ስልኩን እንደያዘች የኔን በር አንኳኳች።

ሺምሾን በሚባል ሰፈር አንድ ሕንፃ ላይ እንኖር ነበር፤ እሷ ከታች፣ እኔ ከላይ። ለሥራ የሚበቃ ዕብራይስጥ ነበራት። የበሽታ ነገር ሲሆን ግን እኔን ታስተረጉመኛለች። ክረምቱን ሙሉ ስትስል ከርማ «ብርድ መቶኝ ነው» ስትል፣ በመጨረሻ ሐኪሙ የሳንባ ነቀርሳ መሆኑን ነገራት።

ሊያት ቀስ ብላ ነበር የምትናገረው። «ስምሽን ለማንም አንናገርም። አብረውሽ የሚውሉትን መርምረን፣ በሽታው ሳይነሣባቸው መድኃኒት እንድንሰጣቸው ነው። አሠሪሽም የማሳወቅ ግዴታ አለበት። ሥራ ላይ አጠገብሽ የሚቆመው ማን ነው?»

ተረጎምኩላት። ትዋበች የሻርፗን ጫፍ ወደ አፏ አስጠጋች።

«ብቻዬን ነው የምሠራው በላት።»

«ብቻሽን?»

«ግቢ ነው የምጠርገው። በላት እንጂ፣ ምን ታፈጥብኛለህ!»

የምትሠራበትን ቦታ አይቼው ስለማላውቅ እንዳለችው ነገርኩ። ሊያት ከድርጅቱም ያገኘችው መልስ ያው መሆኑን ተናግራ አመሰገነችን።

ትዋበች መድኃኒቷን ጀመረች፤ በሽታው ወደ ሰው የማይተላለፍበት ደረጃ ሲደርስም ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ከፋሲካው በዓል፣ ከፔሳኽ በኋላ ጋሼ ሓዱሽ፣ በሰፈራችን የተጣላ የሚያስታርቁ ሽማግሌ፣ እኔንም ለምስክር ብለው አስከትለው እሷ ቤት ገቡ። ፍሬወይኒ ቀድማ መጥታ ተቀምጣለች። ሁለቱ የአንድ ድርጅት ሠራተኞች ናቸው፤ አንዷ ከጎንደር፣ አንዷ ከትግራይ፣ ምሳቸውን ለዓመታት ከአንድ ሳህን የበሉ።

«ምን በድዬሽ ነው?» አለች ፍሬወይኒ። «ሳህንሽን ለይተሽ፣ ጀርባሽን ሰጥተሽኝ የምትበዪው? እጄ ሸተተሽ?»

«ጨጓራዬን አሞኝ ነው።»

«ጨጓራሽ እኔን ሲያይ ነው የሚነሣው?»

«የኔ ጨጓራ እንኳ የሚስቴን ወጥ ችሎ አርባ ዓመት ኖሯል» አሉ ጋሼ ሓዱሽ። «በሉ ተነሡ፣ ተሳሳሙ!»

ፍሬወይኒ ስቃ ተነሣች፤ ሳቋ ወደ ሳል ተለወጠ። ትዋበች አንገቷን አቀፈቻት እንጂ ጉንጯን አልሳመቻትም። ፍሬወይኒ ይህንንም አየች። ዕርቁ በዚያው ቀረ።

በሚቀጥለው ክረምት ፍሬወይኒ ደም ተፋች። ሆስፒታል ስትገባ ሳንባዋ ብዙ ተጎድቶ ነበር። በዚህ ጊዜ ሊያት ስልክ አልደወለችም፤ ራሷ ወደ ድርጅቱ ሄደች። ያገኘችው በሩ ሁልጊዜ የተዘጋ ቀዝቃዛ ክፍል ነው፤ ለሱፐርማርኬት የሚሄድ የድምብላል ቅጠል የሚታሸግበት አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ ሴቶቹም ትከሻ ለትከሻ። የትዋበች ቦታ ከፍሬወይኒ ቀጥሎ ነበር። ግቢውን የሚጠርገው ሌላ ሰው ነው።

ያን ዕለት ደረጃው ላይ ተቀምጣ አገኘኋት።

«ሮኢ ነው» አለችኝ። ሮኢ የሥራ ኃላፊያቸው ነው። «ገና የሐኪሙን ነገር ስነግረው፣ ‹ለፔሳኽ ሥራ በበዛበት ሰዓት መጥተው ክፍሉን ቢዘጉብን ሁላችሁም ቤት ትቀመጣላችሁ። ግቢ ነው የምጠርገው በይ፣ እኔም እንደዚያው እላለሁ› አለኝ። እኔም ደስ አለኝ። ሴቶቹ በኔ የተነሣ ከሥራ ሲቀሩ፣ ስሜ በየቤቱ ሲነሣ... ሳህኔን ለይቻለሁ፣ ብርጭቆዬን ለይቻለሁ። ማንንም አላስነካሁም እኮ!»

«በትንፋሽ ነው የሚተላለፈው፣ እትዬ።»

«አሁን ማወቄ ምን ሊረባኝ?»

ሮኢ ሲጠየቅ «ሴትዮዋ ናት የዋሸችኝ» አለ። እሱ ዛሬም እዚያው ነው። ትዋበች ግን ወደ ጠረጴዛው አልተመለሰችም፤ ብትመለስም ሴቶቹ ቦታ አይሰጧትም ነበር። ለቅሶ ቤት ስትገባ ወሬው ጸጥ ይላል። ፍሬወይኒ ከሆስፒታል ወጥታ ሚግዳል ሰፈር፣ ልጇ ያይር ቤት ተቀመጠች፤ ደረጃ መውጣት አትችልም፤ ኦክስጅኑም ከአጠገቧ አይለይም።

ባለፈው ሳምንት ገበያ ልሸምት ሚግዳል ወርጄ አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ትዋበችን አየኋት። ሻንጣ ይዛለች። ቂርያት ማላኺ ከተማ፣ ልጇ ጋ ልትኖር መሄዷ ነው።

«ፍሬወይኒ ጋ ነበርኩ» አለችኝ ሳልጠይቃት። «ያይር በሩን ገርበብ አድርጎ በዕብራይስጥ ‹እማ ተኝታለች› አለኝ። ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የሚለኝ። እሷ ደግሞ ከውስጥ ‹መን እዩ?› አለች፣ ማን ነው ስትል በትግርኛ። ድምጿ ቀጥኗል። ‹ማንም አይደለም› አላትና ዘጋው።»

«አንቺስ ስምሽን አልጠራሽም?»

ራሷን ግራና ቀኝ ነቀነቀች። አውቶቡሱ መጣ፤ ሻንጣዋን ተቀበልኳትና ጫንኩላት። «ደህና ሁን፣ ወንድሜ» አለችና ገባች። በሩ ተከፍቶላት ቢሆን ኖሮ ምን ልትላት እንደነበር ልጠይቃት ነበር። እሷ ግን ከወዲያ በኩል፣ ከማላያት መስኮት አጠገብ ተቀመጠች፤ አውቶቡሱም ሄደ።