የጥጃውን ነገር የተናገርሁበት ሁዳዴ

ሥራ የጀመርሁ ዕለት፣ ጎንደር፣ አለቃችን ድሬሰር የፈንጣጣ ክትባቱን ብልቃጥና የመርፌውን ቆርቆሮ ሣጥን አስረከበኝ። «ጠብታዋን ክንድ ላይ ጣል፤ በመርፌው ጫፍ ጫር ጫር አድርግ። ደም ከፈሰሰ አጥፍተሃል» አለኝ። አንድ ጊዜ አሳየኝ። ሁለተኛ አላስፈለገኝም።

የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥሁም። ፊደል የለየሁት በአጎቴ የዳዊት መጽሐፍ ነው፤ እንግሊዝኛውን ከመድኃኒት ካርቶን ላይ ለቃቀምሁት። ሆኖም ተምረው የመጡት ልጆች ክንድ ሲያደሙ እኔ አላደማሁም። ይህን የምጽፈው ለመመካት አይደለም፤ እውነት ስለሆነ ነው።

አንድ ሁዳዴ አጋማሹ ላይ፣ ፈንጣጣ ቆላውን ጨርሶ ወደ ጃናሞራ መውጣት ጀመረ። አለቃዬ «ከበሽታው ቀድመህ ድረስ» ብሎ ላከኝ። ከመካነ ብርሃን ማዶ ባለች መንደር አያ ንጉሤ የሚባል ገበሬ ቤት አረፍሁ። ፊቱን ፈንጣጣ በልጅነቱ በሳስቶታል። ሚስቱ ሞታበት ከአንዲት ልጁ ከጥሩዬ ጋር ይኖራል። ጥሩዬ ሰባት ዓመት ሞልቷት ጾም የያዘችው በዚያው ዓመት ነበር። «ከእኔ እኩል እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትጾማለች» ይላል ለመጣው ሁሉ።

በማግሥቱ ሰዉ ተሰበሰበ። አያ ንጉሤ ከሁሉ ቀድሞ የልጁን እጅጌ ጠቀለለ። «እኔን ምሮኛል፤ እሷን ላይምራት ይችላል» አለ። ጠብታዋን ልጥል ስል «ለመሆኑ ከምን ይሠራል?» ብሎ ጠየቀኝ።

መድኃኒት ነው ብል ይበቃ ነበር። እኔ ግን ያነበብሁትን ሰው ሁሉ እንዲሰማልኝ ፈለግሁ። ድምፄን ከፍ አድርጌ «ከታመመ ጥጃ ቁስል ይወሰዳል» አልሁ።

አያ ንጉሤ እጅጌውን መልሶ አወረደው።

«ከጥጃ? በሁዳዴ?»

«አይበላም እኮ አያ። ቆዳ ላይ ነው።»

«ገላዋ ውስጥ ይገባል አይደለም?»

«ይገባል።»

«እንግዲያማ ገደፈች ማለት ነው።»

አንዲት አሮጊት ከኋላ «ነገ እምቧ ብንል ማን ሊያግደን ነው?» አሉ። ሰዉ ሳቀ። እኔ ተናደድሁ።

ጥሩዬ «ጾሜን አልገድፍም» አለች። አባቷ ራሷን ዳበሰና ወደ እኔ ዞረ። «ሥራህ ሸጋ ነው፤ አልጠላነውም። ከፋሲካ በኋላ ና፤ መጀመሪያ የእኔን ልጅ ትከትባለህ።»

«በሽታው ፋሲካን አይጠብቅም» አልሁት።

ከመካከል አንድ ሰው «ምነው መምሬን ብንጠይቃቸው?» አለ። መምሬ የደብሩ ቄስ ናቸው። እኔም «ቄስ ስለ መድኃኒት ምን ያውቃል?» ብዬ ቦርሳዬን ዘግቼ ወደሚቀጥለው መንደር ሄድሁ።

ፋሲካ ባለፈ በሦስተኛው ቀን ተመለስሁ። አያ ንጉሤ ራሱን ተላጭቶ ደጁ ላይ ተቀምጧል። ጥሩዬ በፈንጣጣው የሞተችው በሰሙነ ሕማማት ነው። በዚያ ሳምንት ፍትሐት የለም፤ በሆሳዕና፣ በሳምንቱ ለሚሞት ሁሉ ተብሎ አስቀድሞ የተደረገው ብቻ ሆነላት።

«እስከ መጨረሻው አልገደፈችም» አለኝ። «ትኩሳቱ እያነደዳት፣ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ውኃ እንኳ እንቢ አለችኝ።»

ይህን ብሎ ተነሣ። ቤት ለቤት ዞሮ ሰዉን ራሱ ጠራልኝ። የየቤቱን ልጅ ክንድ እሱ እየያዘ እኔ ከተብሁ።

መምሬም መጡና እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። ስጭርላቸው ዝቅ ባለ ድምፅ «ምነው ልጄ ያን ጊዜ ቤቴ ብትመጣ?» አሉኝ። «በክንድ የሚገባ ጾም አይገድፍም። የታመመ ሰውም ጾም የለበትም። እኔው ቀድሜ ክንዴን በሰጠሁህ፣ ሰዉም በተከተለኝ ነበር።»

ያን ቀን መንደሩን በሙሉ ከተብሁ። አንድም ክንድ አልደማም። በስምንተኛው ቀን ላየው ስመለስ የሁሉም ክንድ ቆስሎ ክትባቱ ይዞ ነበር። አለቃዬ ይህን ሰምቶ አመሰገነኝ። ስለ ጥሩዬ አልነገርሁትም።

እናንተ አሁን መርፌ የያዛችሁ፣ መንደር ስትገቡ ቦርሳችሁን ከመክፈታችሁ በፊት ሰዉ የማንን ቃል እንደሚሰማ ጠይቁና እሱ ቤት ሂዱ። የመምሬ ቤት የሩብ ሰዓት መንገድ ነበር።