ኳሷን የምታነሳዋ ወለላ

ወለላ ላሊበላ ውስጥ ባንድ ሆቴል አንሶላና ፎጣ ታጥባለች። ያደገችው ግን ገነተ ማርያም ነው።

ልጅ ሳለች ድምጿ አይሰማም ነበር። አስተማሪ ስሟን ሲጠራ «አቤት» የምትለው ከንፈሯን ብቻ አንቀሳቅሳ ስለነበር፣ ክፍል ውስጥ ተቀምጣ ቀሪ የምትባልበት ቀን ብዙ ነው። ስድስተኛ ክፍል ስትደርስ ደባሱ የሚባል የስፖርት መምህር ከወልድያ መጣ። ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ያለውን ሜዳ ከተማሪዎቹ ጋር ድንጋዩን ለቅሞ፣ ሁለት የባሕር ዛፍ ግንድ ተክሎ መረብ ወጠረ። ሴቶቹን ለብቻ ሰብስቦ መረብ ኳስ ማስተማር ሲጀምር ወለላን ከመረቡ ሥር አቆማት።

«አንቺ መቺ አይደለሽም፤ ለመቺዋ ኳሷን የምታነሺላት አንቺ ነሽ» አላት። «ታዲያ ኳሷ ወዳንቺ ስትመጣ ‹የኔ ናት!› ብለሽ መጮህ አለብሽ። ካልጮህሽ ከጓደኛሽ ጋር ትጋጫላችሁ።»

የመጀመሪያ ቀን አልጮኸችም። ከመቺዋ ከአመተ ጊዮርጊስ ጋር ግንባር ለግንባር ተላትመው የሁለቱም ግንባር አበጠ። በሚቀጥለው ጊዜ ጮኸች። የሰማችው ድምፅ የራሷ አልመሰላትም። ከዚያ ወዲህ ክፍል ውስጥም እጇን ማውጣት ጀመረች።

አመተ ጊዮርጊስ ረጅም፣ እንደ ሚዳቋ የምትዘል ልጅ ነበረች። ወለላ ኳሷን በጣቶቿ ጫፍ ወደ ላይ ስትልካት፣ አመተ ጊዮርጊስ አየር ላይ ትጠብቃታለች። ሳይተያዩ ይግባቡ ነበር። አንዴ በአይሱዙ ተጭነው ወገል ጤና ድረስ ለውድድር ሄዱ፤ ተሸነፉ፤ ሲመለሱ ግን መንገዱን ሁሉ እየዘፈኑ ነው የገቡት።

ያ ጊዜ ብዙ አልቆየም። መምህር ደባሱ ተዛወረ፣ የስፖርቱ ክፍለ ጊዜ ለሒሳብ ማጠናከሪያ ተሰጠ፣ መረቡም ዕቃ ቤት ገባ። ወለላ አሥረኛን ጨርሳ አገባችና ላሊበላ ገባች። አመተ ጊዮርጊስ ነአኩቶ ለአብ ገዳም ገብታ መነኮሰች። ወለላ እርጥብ አንሶላ ለማስጣት ክንዷን ወደ ላይ ስታነሳ እስከ ዛሬ ጣቶቿ በራሳቸው ይከፈታሉ። ደረቷ ውስጥ አንድ ነገር ብድግ ይላል፤ ከዚያ አንሶላው ገመዱ ላይ ያርፋል፣ እሷም ሌላ ታነሳለች።

ባለፈው ዓመት ልጇ የትናየት ስድስተኛ ክፍል ገባች። እሷም እንደ እናቷ ድምፅ የላትም።

«ዛሬ ስፖርት አልነበራችሁም? ምን ሠራችሁ?» ብላ ጠየቀቻት ወለላ አንድ ቀን።

«ሒሳብ።»

«ሥዕልስ? ሙዚቃስ?»

«እሱም ሒሳብ ነው።»

ወለላ በወላጆች ስብሰባ ላይ ተነስታ ይህንኑ ጠየቀች። ርዕሰ መምህሩ ቀና ሰው ነው። «እውነትዎን ነው እህቴ» አላት። «ግን ልጆቹ በጦርነቱ ጊዜ ያመለጣቸውን ትምህርት ማካካስ አለብን። የስፖርት መምህርም የለን። ኳሶቹም ትምህርት ቤቱ ሲዘረፍ ሄደዋል።»

ከኋላ አንድ አባት፣ «እኛ ማንበብ ይቻሉ እንላለን፣ እሷ ኳስ ትላለች!» ብሎ ሰውን አሳቀ።

የወለላ ፊት ጋለ፤ ግን አልተቀመጠችም። «እኔ ሰው ፊት ማንበብ የቻልኩት ኳስ ከተማርኩ በኋላ ነው» አለች። «ልጄ ማንበብ ታውቃለች። ስታነብ የሰማት ሰው ግን የለም።»

ሳቁ ቆመ። ርዕሰ መምህሩ አስብበታለሁ አለና ወደ ሌላው ጉዳይ ተሻገረ።

በዚያው ሳምንት ወለላ ነአኩቶ ለአብ ሄደች። ጓደኛዋን ከዋሻው ቤተ ክርስቲያን በታች ጎመን ስትኮተኩት አገኘቻት።

«እማሆይ፣ እንዴት ሰነበቱ?»

«ውይ ወለላዬ! ደግሞ አንቱ ትይኛለሽ?» ብላ አቀፈቻት። ወለላ የስብሰባውን ነገር ነገረቻት።

«ጨዋታው ይናፍቅሻል?» አለቻት ወለላ፣ አንቺ ማለቷ ሳይታወቃት።

«እዚህ ስመጣ ብዙ ነገር ትቻለሁ» አለች አመተ ጊዮርጊስ። «እሱን ግን ገና አልተውኩትም። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ከፍ ያለ ነገር ባየሁ ቁጥር በልቤ እዘላለሁ።»

ሁለቱም ሳቁ፤ ወዲያው ደግሞ ሁለቱም ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠረጉ።

ከፋሲካ በኋላ ርዕሰ መምህሩ ላከባት። የአርብን የመጨረሻ ክፍለ ጊዜ ለቅቆላታል፣ የስፖርት መምህር እስኪመጣ እሷ የምታሠለጥን ከሆነ። ባሏ ከፋለ ከጭነት ገመድ መረብ ሠራላት፤ ኳሷን የሆቴሉ ባለቤት ሰጡ።

መጀመሪያ ቀን ልጃገረዶቹ ከበቧት። እንዴት እንደሚነሳ ልታሳያቸው አንዷን ወርውሪልኝ አለቻት። ጉልበቷን ሸብረክ አድርጋ ተቀበለች፤ ኳሷ ከጣቶቿ ወጥታ ልክ ድሮ ወደምትሄድበት ሄደች። እዚያ የሚጠብቃት አልነበረም። አየር ላይ ትንሽ ቆየችና ማንም ሳይነካት ወርዳ መሬት ላይ ነጠረች። ልጆቹ አጨበጨቡ። ወለላ ኳሷ የነጠረችበትን ቦታ አይታ «አምጧት» አለች።

እስከ ክረምት አርብ አርብ ተጫወቱ። የትናየት ኳስ ትፈራለች፤ የወደደችው ዳኝነቱን ሆነ። ፊሽካ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ፣ ከሷ የሚበልጡትን ልጆች «ወጥታለች አልኳችሁ!» እያለች ትሟገታለች። ይመጣል የተባለው የስፖርት መምህር እስካሁን አልመጣም።

ከነአኩቶ ለአብ የሚመጣ ሰው ሁሉ ለወለላ የእማሆይን ሰላምታ ያደርሳል፤ ከሰላምታው ጋር አንድ ጥያቄ አለ። «መቺ ተገኘች ወይ?»

«ገና ናት በሏቸው» ትላለች ወለላ። «እየፈለግሁ ነው።»